ገመድ ያዢዋ

የፖስተሩ ሙጫ ገና አልደረቀም። የአሻንጉሊት ቲያትር ቤቱ ዘበኛ መሰላል ላይ ወጥቶ ጥጎቹን በመዳፉ እየደባበሰ ሳለ፣ ልብስ ሰፊዋ የተጠቀለለ ጨርቅ በብብቷ ሸጉጣ ከሥሩ ደረሰች። ቀና አለች። ሥዕሉ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ወንዝ ዳር ቆማ ወፍራም ገመድ በሁለት እጇ ይዛለች። ከበላይዋ በትልልቁ «ገመድ ያዢዋ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ»።

«እስቲ እዪልኝ፣ ተጣሟል እንዴ?» አላት ዘበኛው።

«አልተጣመመም» አለች። ድምፅዋ ግን ተጣሞ ወጣ።

ያን ተረት ከቤታቸውና ከሰፈራቸው ልጆች በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም። የእናቷ ተረት ነው። ሰውን ከዳር ወደ ዳር የምታሻግር ታንኳ ነበረች። ጎርፍ እንዳይወስዳት አንዲት ልጅ ከዚህኛው ዳር ቆማ ገመዷን ትይዛለች። ሙሽራው ይሻገራል፤ ነጋዴው ይሻገራል፤ እኩዮቿ እየሳቁ ይሻገራሉ። እሷስ? ገመዱን ለማን ትስጠው? ቆማ ቆማ እግሯ ሥር ሰደደ፤ ክንዷ ቅርንጫፍ አወጣ፤ ዛፍ ሆነች። ባለታንኳዎቹም ገመዳቸውን ከግንዷ ላይ ያስራሉ፤ ባለፉ ባገደሙ ቁጥርም እጅ ነስተው ሰላም ይሏታል። እናቷ ይህን ሲጨርሱ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። ሰፊዋ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያችን ልጅ መሆን ትመኝ ነበር።

አምና አንድ ጠዋት ግን የእናቷ ቀኝ ጎን አልታዘዝ አለ። ተረት ሲፈስበት የኖረው አንደበት ተያዘ፤ ከቃላት ሁሉ የተረፈቻቸው አንዲት ብቻ ሆነች፤ «እንትን»። ውሃ ሲፈልጉ እንትን፣ ሲቆጡ እንትን፣ ሲመርቁም እንትን። ልጃቸው አንዱን እንትን ከሌላው ለይታ ታውቃለች። ቀን ቀን እሷ ልብስ ስፌት ሱቅ ስትውል ጎረቤታቸው ትጠብቃቸዋለች፤ ማታ እሷ ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ እግራቸውን ታሽላቸዋለች። ከዚያ የሚተርፋትን ጊዜ ለቲያትር ቤቱ አሻንጉሊቶች ጥቃቅን ልብሶች ትሰፋበታለች። አንገቷ ላይ ከማትለያት መቀስና ከስለታም አንደበቷ የተነሳ ሰፈሩ በሙሉ «መቀስ» ይላታል።

አሻንጉሊቶቹን የሚጠርበው ሰው የሀብታም ልጅ ነው። ምሕንድስና ተምሮ፣ የአባቱን የግንባታ ድርጅት ትቶ፣ እንጨት ሲፍቅ የሚውል። በአንዲት ጣት የምታህል እጅጌ ልክ ላይ ሲከራከሩ ተዋደዱ። «የአሻንጉሊቱን ክንድ ለካሁ ብሎ የልጅቷን ጣት ለካ» እያለ ዘበኛው ይቀልድባቸዋል። እናቷ የታመሙ ዕለት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አጠገቧ የተቀመጠው እሱ ነበር። ያን ተረት የነገረችውም ያን ዕለት ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ላግባሽ አላት።

«እናቴን ለማን ትቼ?» አለችው።

«አብረን እንይዛቸዋለን።»

እሷ ግን ቃሉን በዳኛዋ ቤት አይን መዘነችው። ዳኛዋ የሚሏቸው ችሎት የሚያስችሉትን እናቱን ነው። አንድ ጊዜ ቤታቸው ወስዷት፣ «እናትሽ ምን ይሠራሉ?» ብለው ጠይቀዋት ነበር። «ተረት ነጋሪ ነበረች፤ አሁን መናገር አትችልም» ስትላቸው አንዲት ቃል ሳይመልሱ በመርፌ የተወጋጉ ጣቶቿን ዝም ብለው አዩ። ያ ዝምታ ከስድብ በላይ ቆርጧት ነበር። እና እንቢ አለችው። እሱም አልጨቀጨቃትም። ከዚያ ወዲህ የልብሶቹን ልክ በዘበኛው እጅ ይልክላታል፤ ፊት ለፊት ሲገናኙም ዓይኑን ይሰብራል። ተስፋ ቆርጧል ብላ፣ ራሷ ባባረረችው ሰው መራቅ ትራሷን በእንባ ስታርስ ከርማለች።

ጨርቁን ጠበቅ አድርጋ ወደ ወርክሾፑ ገባች።

* * *

ከጣሪያው የተንጠለጠሉ አሻንጉሊቶች መሐል ጠራቢው ተቀምጦ የአንዲት አሮጊት አሻንጉሊት እጅ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ፊቷን ሲያይ ደግሞ ጠፋ።

«ፖስተሩን አየሽው» አለ።

«ይህን ተረት ማን ነገረህ?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ ለአንተ ነው የነገርኩህ! ለከተማው ሁሉ አይደለም። እናቴ ትትረፍ አትትረፍ ሳላውቅ፣ ሌላ የምሰጥህ ነገር ስላልነበረኝ የሰጠሁህ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ለምን?»

የያዘውን አሻንጉሊት ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስተኛ። «እስከ ቅዳሜ ታገሺኝ። መጥተሽ እይው። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን በይኝ።»

«መጨረሻውስ? እንደነበረ ነው?»

ዓይኑን ሰበረ። «አይደለም። ተለውጧል።»

«ተለውጧል? ራሱ እግር አውጥቶ ነው የተለወጠው?» ፊቷ ደም ለበሰ። «እናቴ አፍ የላትም ብለህ ነው። መናገር ብትችል ኖሮ አንዲት ቃሏን ለመንካት ትደፍር ነበር? እናንተ ቤት እንዲህ ነው መሰለኝ። የወደዳችሁትን ታነሳላችሁ፤ ያልተመቻችሁን ታርማላችሁ።»

«‹እናንተ› ማን ነው? እኔ ብቻዬን ነው ፊትሽ የቆምኩት።»

«አልቆምክም! ብትቆም ኖሮ ዓይኔን ታየኝ ነበር!»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያስተኛትን አሮጊት አሻንጉሊት በጨርቅ ሸፈናት። የሚደብቃት ነገር እንዳለ ገባት። ሰው የሚደብቀው የሚያፍርበትን ነገር ብቻ ይመስላት ነበር።

«እወድሻለሁ» አለ በመጨረሻ፣ ሌላ የተፈቀደለት ቃል የሌለ ይመስል።

ጨርቁን እግሩ ሥር ጣለችው። «እንግዲህ ሌላ ሰፊ ፈልግ።»

በሩን ስትዘጋው የተንጠለጠሉት አሻንጉሊቶች ሁሉ ተንቀጫቀጩ። ደጅ ወጥታ ግድግዳውን ተደገፈች። የተዘረፈችው ተረት ይሁን ሰውየው፣ ለየትኛው እንደምታለቅስ አላወቀችም።

* * *

ሹፌሩ ወንድሟ ማምሻውን አውቶቡሱን አስረክቦ ሲመጣ መቀስ እናታቸውን ሾርባ ታጠጣለች። ዓይኗን አይቶ ሁሉንም አስለፈለፋት።

«ብዬሽ አልነበር?» አለ ኮፍያውን ወንበር ላይ እየወረወረ። «ሀብታም የድሃን ነገር የሚወደው ለጨዋታ ነው ብዬሽ አልነበር? የኛ እናት ተረት! አሁን ደግሞ ከሠራተኛው እስከ አለቃው ትኬት ቆርጦ ሊስቅበት!»

«ጋሼ፣ በቃ፤ እማዬ ትሰማለች።»

«ትስማ! እኔ ቅዳሜ ሄጄ ያን መጋረጃ ባልቀደው!»

«እንትን!»

ሁለቱም ዘወር አሉ። እናታቸው በግራ እጃቸው ጠረጴዛውን መትተው ሾርባውን ደፍተውታል።

«ምን ፈለግሽ እማዬ? ውሃ?»

«እንትን!» ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣታቸውን ወደ ቁም ሣጥኑ ቀሰሩ።

መቀስ ሣጥኑን ከፈተች። የሌሊት ልብሱን አሳየቻቸው፤ «እንትን» አሉ ተቆጥተው። ነጠላ ጫማውን አሳየቻቸው፤ ጭራሽ ተናደዱ። በመጨረሻ የክት ልብሳቸው ጋ ስትደርስ፣ ሰማያዊው ቀሚስ ላይ፣ «እንትን» ብለው ረዥም ትንፋሽ ለቀቁ።

«መሄድ ፈልገሽ ነው? ቲያትሩን ለማየት?»

እናትየው ልጆች ሲያጠፉ በሚያዩበት አስተያየት አዩዋት፤ ይህን ለመረዳት ይህን ያህል ጊዜ ፈጀብሽ እንደማለት።

«አሞሻል እኮ እማዬ። ያን ተረት አበላሽተውት ብታዪ ትታመሚብኛለሽ።»

እናቷ ደህናውን እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን ዳሰሱ። እንዲህ የዳሰሷት ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ሁልጊዜ የምትዳስሰው እሷ ነበረችና፣ እጃቸው ምን ያህል ሙቅ እንደሆነ ረስታ ነበር።

* * *

ቅዳሜ ሹፌሩ እናቱን ተሸክሞ የቲያትር ቤቱን ደረጃ ወጣ። «አውቶቡሱ ቢገባ ኖሮ በአውቶቡስ ባስገባኋት» እያለ ይነጫነጫል። አዳራሹ በልጆችና በወላጆቻቸው ጢም ብሏል። ዘበኛው ከፊት ረድፍ ቦታ ይዞላቸው ነበር። መቀስ ይህን እንደ ተራ አክብሮት ቆጠረችው።

ገና ተደላድለው ሳይቀመጡ አጠገቧ ባለው ወንበር ዳኛዋ ተቀመጡ። መቀስ ወደ እናቷ ተጠጋች።

«እናትሽ እኚህ ናቸው?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አዎ።»

ዳኛዋ ተነሥተው በፊታቸው ጎንበስ አሉ፤ የእናቷን በድን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ጨበጡት። ሰው ሁሉ ደህናውን እጅ ሲፈልግ፣ እሳቸው የታመመውን ያዙ። መቀስ ምን እንደምታስብ ግራ ገባት። ወዲያው መብራቱ ጠፋ።

ሰማያዊው ጨርቅ መድረኩ ላይ ሞገድ ሆኖ ተነሣ። ልጅቷ ወጣች፤ ገመዷን ያዘች። ተራኪው ከመጋረጃው ጀርባ ጀመረ፤ የሱ ድምፅ ነው። መቀስ እንዳትሰማ ጥርሷን ነከሰች። ግን ሰማች። በግ ጭኖ የሚሻገረው ነጋዴ በጎቹን በቆጠረ ቁጥር ራሱን አብሮ ሲቆጥር ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ወንድሟም ሳያስበው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ በመሐል ተቆረጠ።

«ይህን የነገርሽው አንቺ ነሽ?» አላት በሹክሹክታ።

«አይደለሁም» አለች። እውነቷን ነበር። የነጋዴው ቀልድ የቤት ቀልድ ነው፤ እናቷ እነሱን ለማስተኛት ብቻ የሚጨምሩት። ኮሪደሩ ላይ ያን ቀልድ የሚያወራ ልብ አልነበራትም። ደግሞ የሙሽራዋ ጃንጥላ በንፋስ ተገልብጦ ወንዝ የገባበት፤ ደግሞ ባለታንኳው ለዓሣዎቹ የሚዘፍነው ዘፈን። አንዱንም አልነገረችውም። ታዲያ ከየት አመጣው?

ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ መድረኩን እንጂ እሷን አያዩም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ቀኑ መሸ፤ መድረኩ ቀላ። ሰው ሁሉ ተሻግሮ አለቀ። ልጅቷ ብቻዋን ቀረች። አሁን ዛፍ የምትሆንበት ነው። መቀስ የወንበሩን ክንድ ጨበጠች። ከመጋረጃው ጥግ ግን ያልጠበቀቻት ወጣች፤ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች አሮጊት አሻንጉሊት፣ ቀኝ እጇን እያንጠለጠለች፣ አንድ እግሯን እየጎተተች። ልጅቷ አጠገብ ደረሰች። ግራ እጇን ወደ ገመዱ ዘረጋች።

ተራኪው ዝም አለ።

ዝምታው ረዘመ። አንድ ሕፃን «ረሳው!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው «እሽ!» አለው። አሻንጉሊቷ እጇን እንደዘረጋች ቆማለች። መቀስ ከመጋረጃው ሥር የሱን ጫማ አየች፤ አይንቀሳቀስም። አንድ ነገር ይጠብቃል።

ያን ጊዜ ከጎኗ የሚንቀጠቀጥ፣ የሻከረ፣ ሰባራ ድምፅ ተሰማ።

«ስጪኝ...»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ።

«ስጪኝ... ልጄ» አሉ እናቷ። ግንባራቸው በላብ ርሷል። እያንዳንዷን ቃል ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ከሥር ጎትተው አወጧት። «እኔ... ይዣለሁ። አንቺ... ተሻገሪ።»

መድረኩ ላይ ትንሿ ልጅ ገመዱን ለቀቀች። አሮጊቷ ተቀበለቻት፤ በዳሩ በተተከለ ግንድ ላይ ጠመጠመችው። ልጅቷም በሩጫ ታንኳዋ ላይ ዘላ ወጣች፤ ልጆቹም አብረዋት የሚሻገሩ ይመስል ከየወንበራቸው ዘለው ተነሡ። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። መቀስ ግን ምንም አልሰማችም። የእናቷ ጭን ላይ በግንባሯ ተደፍታ፣ ተረቱ የተነገረው ለማን እንደሆነ አሁን ገና ገብቷት፣ ታለቅሳለች። ከላይዋ ደግሞ የአንድ እጅ ጣቶች ጸጉሯን ይዳብሳሉ።

* * *

ሰዉ ሲወጣ ጠራቢው ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። ጸጉሩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ፊቱ ላይ ፍርሃት።

«እናትሽ አስምለውኝ ነው» አለ ከሩቅ ቆሞ። «እንቢ ካልሽኝ በኋላ ቀን ቀን ልጠይቃቸው እሄድ ነበር። ጎረቤታችሁም ምስጢሩን ያዘችልን። አንድ ቀን ሲሰለቻቸው አይቼ አሻንጉሊት ይዤ ሄድኩና ያንቺን ተረት ጀመርኩላቸው። ስሳሳት ጠረጴዛውን ይመቱታል። ነጋዴውን፣ ጃንጥላውን፣ ሁሉንም በግራ እጃቸው አሻንጉሊቶቹን እያንቀሳቀሱ እሳቸው ናቸው ያሳዩኝ። መጨረሻው ላይ ዛፉን ሠርቼ አመጣሁላቸው።»

«እሺ?»

«ከመስኮት ወረወሩት።»

ወንድሟ ሳቁን መያዝ አቃተው። «እማዬ!»

«ከዚያ አሮጊቷን አንስተው ገመዱን አስያዟት። በሐኪማቸው ምክር ቃላቱን በዜማ ስንለማመድ ከረምን። አንዳንድ ቀን ይወጣል፤ አንዳንድ ቀን እንትን ብቻ። ዛሬም እንደሚወጣ አላወቅሁም። ባይወጣ እኔ እለው ነበር።» አቀረቀረ። «ላንቺ እንዳልናገር ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ እጄን በዚህች ቀሚሳቸው ላይ አስጭነው አስማሉኝ። ልጠብቃቸው ነው እንጂ ልሰርቃቸው አልነበረም።»

መቀስ ቀና ብላ እናቷን አየች። «አንቺ ነሽ የለወጥሽው? የራስሽን ተረት?»

እናቷ ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ የኔ ነው፣ ብለውጠው ምናለበት እንደሚል ሰው። ከዚያ በጣታቸው ልጃቸውን፣ ቀጥሎ ሹፌሩን አመለከቱ።

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔስ ልጇ አይደለሁም እንዴ?» አለ። «በሽታ ከገባ ጀምሮ አንድ ቀን ‹ጋሼ፣ ዛሬ አንተ ያዝልኝ› ብለሽኝ ታውቂያለሽ? ባለቤቴ ክፍሉን አጽድታ ስንት ጊዜ ለመነችሽ! ሾርባ የምታጠጫት አንቺ፣ የምታጥቢያት አንቺ፤ እኛ እንግዳ ሆነን ወንበር ላይ ተቀምጠን እንወጣለን።»

ሊያስቆጣት የሚችል ንግግር ነበር። ግን ደረቷ ውስጥ ተቋጥሮ የኖረ ነገር ሲፈታ ተሰማት። ይህን ሁሉ ጊዜ ፍቅር የመሰላት ነገር ግማሹ፣ ሌላ ሰው አይችልም የሚል ኩራት እንደነበር አየች። አላፈረችም፤ ቀለላት።

ዳኛዋ ቦርሳቸውን ይዘው ጥቂት ራቅ ብለው ቆመው ነበር። ወደሷ ጠጋ አሉ።

«ያን ቀን ቤት የመጣሽ ጊዜ የምመልስልሽ ጠፍቶኝ ነው ዝም ያልኩት» አሉ። «እናቴም እንዲሁ አንደበቷ ተይዞ ነው የሞተችው። እኔ ግን ሥራ በዝቶብኝ በሠራተኛ ነበር የማስታምማት። ጣቶችሽን ሳይ እሱ ታወሰኝ። ክፉ አድርገሽ እንደተረጎምሽው ልጄ ሲነግረኝ ልመጣ ብዬ ፈራሁ።»

«እርስዎ? ፈሩ?»

«ችሎት ላይ ብቻ ነው የማልፈራው» አሉ። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸው ውስጥ እንባ ነበረበት።

ወንድሟ እናቱን ተሸከመ። «ዛሬ የኔ ቤት ነው የምታድሪው እማዬ። ክርክር የለም።» እናቲቱ በልጃቸው ትከሻ ላይ ሆነው ወደ ኋላ ዞሩ፤ ጠራቢውን አዩት፤ ከዚያ መቀስን።

ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ።

«ሌላ ሰፊ ፈለግህ?» አለችው።

«ልክ የሚያውቅ አጣሁ።»

«እናቴን አብረን እንይዛታለን ብለኸኝ ነበር።»

«አሁንም እላለሁ።»

«ወንድሜ ተራ ካልሰጠን በኃይል እንወስዳታለን ማለት ነው።» ልትስቅ ብላ ድምፅዋ ሰለለ። «የማይገባህን ተናግሬሃለሁ። ያን ሁሉ ስናገርህ እንዴት ቻልክ?»

«ከበሩ ስትወጪ ልከተልሽ ደጋግሜ ተነሥቼ ነበር። ከዚያ እናትሽ ያችን ‹ስጪኝ› ለማውጣት ስንት ቀን እንደታገሉ ትዝ ሲለኝ ተቀመጥኩ። እኔ ዝም ማለት ካቃተኝ፣ እሳቸው እንዴት ይናገራሉ?»

ቀርባ ጸጉሩ ላይ ያለውን የእንጨት ፍቅፋቂ አንድ በአንድ ለቀመችለት። እሱ ዓይኑን አልሰበረም፤ እሷም አልሰበረችም።

«አገባሃለሁ» አለችው፣ ሰው ያረፈበት ወንበር ላይ እግሩን እንደሚዘረጋ፣ በዝግታ።

ሲወጡ ፀሐይ ገና አልገባችም። መንገዱ ከቲያትር በወጡ ልጆች ተሞልቷል፤ አንዷ ለታናሿ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምራለታለች፤ ነጋዴውን ትታ ዝሆን አስገብታለች። መቀስ ቆማ ጥቂት አዳመጠች። ክንዷን በሱ ክንድ አስገብታ፣ አውቶቡስ እየመጣ እያየች፣ እንዲያልፍ ተወችው። እቤት ማንም አይጠብቃትም። ይህ ሐሳብ ሁልጊዜ ያስፈራት ነበር፤ ዛሬ ግን በልኳ እንደተሰፋ አዲስ ልብስ ትከሻዋ ላይ ቀለል ብሎ ዐረፈ። ወዴት እንደሚሄዱ ሳይጠያየቁ በቀስታ ተራመዱ።